ከሮቶው እስከ ኖዝሉ፦ የቤት የግፊት ማጠቢያን ስለ መምረጥና ስለ መንከባከብ

የግፊት ማጠቢያ ሞተርን፣ ፓምፕንና ጠባብ የውሃ መውጫን አገናኝቶ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ሞተሩ ከኤሌክትሪክ ወይም ከቤንዚን ያገኘውን ጉልበት ለፓምፑ ያቀብላል፤ ፓምፑ ከቧንቧ ወይም ከሮቶ የሚመጣውን ውሃ በትናንሽ ፒስተኖች እየገፋ ወደ ጎማው ይሰድደዋል፤ በመርጫው ዘንግ ጫፍ ላይ የሚገጠመውና ኖዝል የሚባለው ጠባብ ቀዳዳ ደግሞ የታፈነውን ውሃ ሲያሳልፍ ግፊቱን ወደ ፍጥነት ይለውጠዋል። ውሃው ከኖዝሉ እንደወጣ ግፊቱ በዙሪያው ካለው አየር ግፊት ጋር እኩል ስለሚሆን፣ ጭቃን ከመኪና ሥር ወይም አረንጓዴ ሻጋታን ከግቢ ንጣፍ ላይ የሚያላቅቀው ይህ ፍጥነት እንጂ ግፊቱ ራሱ አይደለም። በገበያ የመኪና ማጠቢያ ማሽን እየተባለ የሚሸጠውን ይህን ዕቃ የሚገዛ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በካርቶኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው የባር ቁጥር ላይ ነው። ይህ ምዕራፍ የሚነሣው ከተቃራኒው ሐሳብ ነው፤ የመሣሪያውን ብቃትም ሆነ ዕድሜ ይበልጥ የሚወስነው በጫፉ የሚወጣው ሳይሆን በኋላው የሚገባው፣ ይኸውም የሚጠጣው ውሃ፣ የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክና የሚቀዘቅዝበት አየር ነው።

መሣሪያው ወደ መኖሪያ ቤት የገባው ዘግይቶ ነው። አሜሪካዊው ፍራንክ ኦፌልት እ.ኤ.አ. በ1926 በእንፋሎት የሚሠራ የግፊት ማጠቢያ በፔንስልቬንያ ሠርቶ ነበር፤ ጀርመናዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ካርቸር ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1950 የአውሮፓን የመጀመሪያ የሙቅ ውሃ ከፍተኛ ግፊት ማጽጃ አወጣ። እነዚህ ለጋራዥና ለፋብሪካ የተሠሩ ከባድ ዕቃዎች ነበሩ። አንድ ሰው በእጁ ይዞ የሚንቀሳቀስበት፣ ከተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ የቤት መሣሪያ በካርቸር ኩባንያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ ዛሬ በየመደብሩ የሚታዩት ትናንሽ ማሽኖች፣ በየትኛውም አገር ቢመረቱ፣ አሠራራቸው ከዚያ ብዙም የራቀ አይደለም።

የፓምፑን ውስጥ ማወቅ ኋላ ላይ ለሚነሡት ጉዳዮች ሁሉ ይጠቅማል። በቤት ማሽን ውስጥ ሞተሩ አዘንብሎ የተቀመጠ ክብ ሳህን ያዞራል፤ ሳህኑ ሲዞር ሦስት አጫጭር ፒስተኖችን በየተራ ወደፊት ይገፋል፣ ከኋላቸው ያለው ሞላ ደግሞ ይመልሳቸዋል። ፒስተኑ ሲመለስ በመግቢያው ቫልቭ በኩል ውሃ ይስባል፤ ሲሄድ የመግቢያው ቫልቭ ተዘግቶ የመውጫው ይከፈታል። ቫልቭ የሚባለው ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ፣ ከጥፍር ብዙ የማይበልጥ መክደኛ ነው። ፒስተኑ የሚያልፍበት የጎማ ቀለበት፣ መካኒኮች ጎሚኒ ወይም ሲል የሚሉት፣ ውሃው ወደ ኋላ እንዳያመልጥ ይከለክላል። የእጅ መያዣው ምላጭ ሲለቀቅ በመውጫው በኩል ግፊቱ ስለሚያሻቅብ፣ ይህን የሚያውቅ ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ ሞተሩን ያቆመዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሞተሩ በሰከንድ ብዙ ጊዜ በሚዞርበት ጠባብ ክፍል ውስጥ በመሆኑ፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ቫልቩ ሥር ብትገባ ወይም ውሃው ለጥቂት ደቂቃ ቢቋረጥ ጉዳቱ ወዲያው ይታያል።

ቁጥሮቹን ስለ ማንበብ

ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ አንድ ባር 10 ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ዐምድ ከግርጌው ከሚያሳድረው ግፊት ጋር እጅግ ይቀራረባል። በአሜሪካ የተሠሩ ዕቃዎች የሚጠቀሙበት ፒኤስአይ የሚባለው መለኪያ ለአንድ ባር 14.5 ያህል ስለሚሆን፣ 1,800 ፒኤስአይ ተብሎ የተጻፈበት ማሽን ከ124 ባር አይበልጥም፤ ትልቁ ቁጥር የመለኪያው እንጂ የማሽኑ ትልቅነት አይደለም። በ100 ባር የሚገፋ ውሃ ከኖዝሉ የሚወጣው በስሌት በሰከንድ 140 ሜትር ገደማ፣ ማለትም በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ፍጥነት ነው። ሆኖም ግፊቱ እጥፍ ቢሆን ፍጥነቱ እጥፍ አይሆንም፤ በ200 ባር የሚገኘው ፍጥነት በሰከንድ 200 ሜትር ብቻ ነው። ለተጨማሪው 100 ባር የሚከፈለው ዋጋና ጉልበት ከሚገኘው ጥቅም ጋር የማይመጣጠነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ፍሰት ነው፤ በደቂቃ ወይም በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚያልፍ ያሳያል። ፍጥነት ቆሻሻን ያላቅቃል፣ የተላቀቀውን ጠርጎ የሚወስደው ግን ብዛት ነው፤ ግፊቱ ከፍ ያለና ፍሰቱ ያነሰ ማሽን ጭቃውን ከአንድ ቦታ አንሥቶ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። ላቫጆ ቤቶች በቀበቶ የሚዞሩ ከባድ ፓምፖችን የሚመርጡት ለጥንካሬያቸው ብቻ ሳይሆን፣ ከቤት ማሽን በእጅጉ የበለጠ ውሃ ስለሚያፈስሱ ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች ከሦስተኛው፣ ከሞተሩ ጉልበት ጋር አያይዞ መመርመር በሱቅ ቆሞ የሚሠራ ቀላል ሒሳብ ነው። ግፊቱ በባር፣ ፍሰቱ በደቂቃ በሊትር ተባዝተው ለ600 ሲካፈሉ ውሃው የሚሸከመው ጉልበት በኪሎ ዋት ይገኛል። 100 ባርና 6 ሊትር ያለው ማሽን በዚህ ስሌት 1 ኪሎ ዋት ለውሃው ይሰጣል፤ ሞተርና ፓምፕ በሙቀትና በሰበቃ የሚያባክኑት ስላለ፣ ሞተሩ 1.4 ወይም 1.6 ኪሎ ዋት ነው ቢባል ነገሩ ያስኬዳል። ካርቶኑ ላይ 200 ባር፣ በደቂቃ 10 ሊትር፣ 1.4 ኪሎ ዋት ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ ግን ስሌቱ ከ3.3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚያመጣ፣ ውሃው ሞተሩ ከሚበላው ጉልበት እጥፍ በላይ ይዞ ወጣ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በተፈጥሮ ሕግ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ ፍጹም ሐሰት ሳይሆን የተቀላቀለ እውነት ነው፤ ከፍተኛው ግፊት ውሃው ታፍኖ ሊወጣ ሲል የሚታየው ቅጽበታዊ መጠን ሲሆን፣ ከፍተኛው ፍሰት ደግሞ ግፊት በሌለበት የሚለካ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይገኙም። በማሽኑ ገላ ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ የሥራ ግፊት ወይም መደበኛ ግፊት ተብሎ የሚሰፍረው አነስ ያለ ቁጥር እውነተኛው ነው፤ ገዢው ካርቶኑን ትቶ ያቺን ሰሌዳ ቢያነብ ይጠቀማል።

ለአንድ መኪና፣ ለበረንዳና ለመካከለኛ ግቢ የሥራ ግፊቱ ከ100 እስከ 130 ባር፣ ፍሰቱ በደቂቃ ከ6 እስከ 7 ሊትር የሆነ ማሽን ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው በቤት ውስጥ ከጥቅሙ ይልቅ ቀለም የመላጥና ልስን የማፍረስ ዕድሉ ይበዛል። የውሃ ፍጆታውም ከሚገመተው ያነሰ ነው፤ በደቂቃ 6 ሊትር የሚወስድ ማሽን 1,000 ሊትር ከሚይዝ ሙሉ ሮቶ ላይ ያለማቋረጥ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይሠራል፣ ክፍት የተተወ ተራ ጎማ ግን ያንኑ ውሃ በግማሹ ጊዜ ወይም ከዚያ ባነሰ ሊጨርሰው ይችላል።

ሞተሩና ፓምፑ የተሠሩበት

የኤሌክትሪክ ማሽኖች ሞተር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ካርቦን በሚባሉ ሁለት ጥቋቁር ብሎኮች አማካይነት ኤሌክትሪክን ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርስ ሲሆን፣ ቀላል፣ ርካሽና እጅግ ፈጣን ነው፤ ጩኸቱ ከፍተኛ ነው፣ ካርቦኖቹም እያለቁ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ኢንዳክሽን የሚባለው ሲሆን፣ በማግኔት ኃይል ብቻ ስለሚዞር የሚፋተግ ካርቦን የለውም፤ በ50 ኸርዝ መስመር ላይ በደቂቃ 2,800 ጊዜ ገደማ የሚዞር በመሆኑ ድምፁ የተረጋጋ፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ዋጋውና ክብደቱ ግን ይጨምራል። ሻጩ ባያውቅም ማሽኑን በማንሣት ብቻ ሁለቱን መለየት አያስቸግርም፤ ኢንዳክሽን ሞተር ብረትና መዳብ ስለሚበዛበት በመጠን እኩል ከሆነው ካርቦን ሞተር በግልጽ ይከብዳል። በወር አንድ ሁለት ጊዜ መኪና ለሚያጥብ ሰው ካርቦን ሞተር አያንሰውም፤ በየሳምንቱ ሰፊ ግቢ ለሚያጸዳ ግን በክብደቱ ላይ መቆጠብ ኪሳራ ነው።

የፓምፑ ጭንቅላት፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚይዘው ክፍል፣ ከፕላስቲክ፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከነሐስ ይሠራል። ነሐሱ ዝገትንና ግፊትን የሚችል ሲሆን፣ ብሎኑ በተደጋጋሚ ቢፈታ እንኳ ጥርሱ በቀላሉ አይበላም። ከዚህ ያላነሰ ጉዳይ ግን መለዋወጫ ነው። ጎሚኒው፣ በመገናኛዎቹ ላይ ያለው ኦሪንግ የሚባለው ክብ ጎማና ኖዝሉ በመርካቶ ወይም በአቅራቢያው ካለ ሱቅ የማይገኝለት ማሽን፣ ምንም ያህል ስም ያለው ቢሆን፣ ዋጋው ጥቂት በሆነ ጎማ የተነሣ ዕቃ ቤት ገብቶ የሚቀር ነው፤ ስለዚህ ማሽኑን ከመግዛት በፊት መለዋወጫውን መጠየቅ ይቀድማል።

በቤንዚን የሚሠራው ዓይነት ኤሌክትሪክ በሌለበት ስፍራ ይመረጣል፤ በከፍታ ቦታ ግን የተጻፈለትን ጉልበት አይሰጥም። ሞተሩ ቤንዚን የሚያቃጥለው ከአየር በሚያገኘው ኦክስጅን ነው፤ አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር ከፍ ባለ ከተማ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ፣ አምራቹ ከለካው ጉልበት አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ይጠፋል። ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ላይ ያለው ሰው ይህን ያህል አይጎዳም። የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱ በአየር ባይወሰንም፣ ሳስቶ በሚገኝ አየር የሚቀዘቅዘው በዝግታ ነው፤ መደበኛ ሞተሮች የሚሠሩበት ሙቀት የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ስለሆነ፣ በደጋ ከተማ ለረጅም ሰዓት የሚያሠራው ሰው በየመሐሉ እረፍት ቢሰጠው ይመከራል።

የሚገባው ውሃ

ብዙ የቤት ማሽኖች ሳያረጁ የሚሞቱት በውሃ ጥማት ነው። ፓምፑ በደቂቃ 6 ሊትር የሚገፋ ከሆነ መግቢያው ላይ ከዚያ በላይ፣ ቢቻል 10 ሊትር መድረስ አለበት። የሚደርሰው ሲያንስ ፒስተኖቹ የሚስቡት ውሃ ሳይሆን ባዶ ነው፤ በባዶው ውስጥ ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠሩና ፒስተኑ ተመልሶ ሲገፋ በኃይል ወደ ውስጥ ይደረመሳሉ። ካቪቴሽን የሚባለው ይህ ክስተት ማሽኑ ጠጠር የሚፈጭ ያህል እንዲንኳኳ ያደርገዋል፤ ቫልቭና ብረቱንም ቀስ በቀስ ይፈለፍላል። በከፍታ ላይ ነገሩ ይባባሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ነው፤ አረፋ ለመሆን የሚቀረው ርቀት አነስተኛ ነው። ፓምፕ ውሃን ከጉድጓድ ወይም ከበርሜል ወደ ላይ የሚስበው በራሱ ጉልበት ሳይሆን የአየር ግፊት ስለሚገፋለት በመሆኑ፣ በባሕር ጠለል በስሌት 10 ሜትር ያህል የሆነው ከፍተኛ የመሳብ ወሰን አዲስ አበባ ላይ ወደ 8 ሜትር ዝቅ ይላል። ትናንሽ ማሽኖች ከዚህ ስሌት የሚያገኙት እጅግ ጥቂቱን ነው፤ ብዙዎቹ ከግማሽ ሜትር በላይ እንዲስቡ አልተሠሩም።

ቀላሉ መፈተኛ ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ነው። ማሽኑ የሚገናኝበት ጎማ ጫፍ በማሽኑ መግቢያ ከፍታ ልክ ተይዞ፣ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ጀሪካኑ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ከሞላ ውሃው ይበቃል፤ ሦስት ደቂቃ ተኩል ከፈጀ ማሽኑን መሰካት አይገባም። በጣሪያ ወይም በብረት ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ በየሜትሩ ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ብቻ ስለሆነ፣ ሦስት ሜትር ላይ ያለ ሮቶ የሚገፋው በ0.3 ባር ነው። ይህ ትንሽ ግፊት በቀጭን ጎማ ውስጥ በሰበቃ ያልቃል። ግማሽ ኢንች የነበረውን ጎማ በሦስት አራተኛ ኢንች መተካት ለተመሳሳይ ፍሰት የሚገጥመውን መቋቋም ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ያወርደዋል፤ ሌላ ፓምፕ ከመጨመር በፊት የጎማውን ውፍረት ማስተካከል የሚሻለው ስለዚህ ነው። ቀላል ጎማ ሲሳብ ተጣብቆ ውሃውን ሊዘጋ ስለሚችል ገላው ጠንከር ያለ መሆን አለበት፤ በፀሐይ ላይ የተዘረጋ ጥቁር ጎማ ውስጥ የቆመው ውሃም ለብዙ ማሽኖች ከተወሰነው 40 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ሙቅ ውሃ ወደ መሬት ፈስሶ ይለቀቃል።

ከሮቶ መጠቀም ሌላም ጥቅም አለው። የከተማው መስመር በድንገት ሲቋረጥ ቧንቧው ወደ ኋላ ስለሚስብ፣ ማሽኑ በቀጥታ ከመስመሩ ጋር ከተያያዘ የሳሙና ውሃ ወደ መጠጥ ውሃው ሊመለስ ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ሩቅ ሥጋት አይደለም። ከላይ ተቆርጦ ወደ ሮቶ የሚፈስ ውሃ ግን መመለሻ የለውም፤ በቀጥታ ማገናኘት ግድ ከሆነ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መከላከያ ቫልቭ መሐል ይገባል።

በመግቢያው ላይ የምትገኘው ወንፊት መሰል ፊልተር ትንሽ ናት፣ ጥቅሟ ግን ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ውሃ ለሁለት ሦስት ቀን ተቋርጦ ሲመለስ ቡናማ ሆኖ የሚመጣው ዝገትና ደለል፣ በሮቶው ሥር የሚረጋው ጭቃም ጭምር፣ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ፊልተሯ ደፍና ውሃ ስታሳንስ ነቅሎ መጣል የተለመደ ልማድ ነው፤ ያኔ ውሃው ይበረታል፣ አሸዋው ግን ወደ ጎሚኒውና ወደ ቫልቩ ያልፋል። ይልቅስ ከማሽኑ ውጭ ሌላ ሰፋ ያለ ፊልተር መጨመርና የሮቶውን መውጫ ከሥሩ ጥቂት ከፍ አድርጎ ማስገጠም ይሻላል።

የሚገባው ኤሌክትሪክ

1.8 ኪሎ ዋት የሚበላ ማሽን በ220 ቮልት ላይ ከ8 አምፔር በላይ ይስባል። ግቢው ድረስ በቀጭን ኤክስቴንሽን መስመር ከተወሰደለት ቮልቴጁ በመንገድ ላይ ይወርዳል፤ ሽቦው ተጠቅልሎ እንዳለ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ የፕላስቲኩን ሽፋን ያቀልጣል። ለ25 ሜትር ርቀት የሽቦው ውፍረት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆንና ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ቢሠራበት አያሳስብም። የቮልቴጅ መውረድ ኢንዳክሽን ሞተርን በተለይ ይጎዳል፤ የማስነሻ ጉልበቱ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር አብሮ ስለሚወርድ፣ መስመሩ 180 ቮልት ሲሆን ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛው ይጠፋል። ሞተሩ እያቃሰተ ሳይነሣ ከቀረ የመዳብ ጥቅልሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቃጠላልና፣ ምላጩን ተጭኖ ግፊቱን በመልቀቅ ማስነሣት፣ እንቢ ካለም ነቅሎ መጠበቅ ይገባል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚወስድ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት በዚያው መስመር ማሽኑን ማስነሣት ሁለቱንም ሥራ ያበላሻል።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ወይም ጓዝ ውስጥ የመጣ ማሽን የተለየ ጥያቄ ያስነሣል። በአሜሪካ መስመሩ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ይቀንሳል፣ የኸርዙን ቁጥር ግን አይለውጥም። ካርቦን ሞተር ይህን ልዩነት ብዙም አይቆጥረውም፤ ኢንዳክሽን ሞተር ግን ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን አጥቶ ከልክ በላይ ይሞቃል። ለዚህ የሚበቃ ትራንስፎርመር ራሱ ከባድና ውድ ስለሆነ፣ በስጦታ የመጣው ማሽን ነፃ የሚመስለው ከሩቅ ሲታይ ነው።

ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ እጅ በሚያዙበት ሥራ የመሬት ሽቦ የግድ ነው፤ ሦስተኛውን እግር ቆርጦ ባለሁለት እግር ሶኬት ላይ መሰካት የማያዳግም አደጋ ያመጣል። 30 ሚሊ አምፔር ያህል ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን የሚያቋርጥ ብሬከር በቤቱ ሳጥን ውስጥ ቢገጠም፣ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወጪ ነው። የኤክስቴንሽኑ መገናኛ መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ ደረቅ ነገር ላይ ይቀመጣል።

ኖዝሉና የሚታጠበው ነገር

ኖዝሎች የሚለያዩት ውሃውን በሚዘረጉበት ማዕዘን ነው። በብዙ አምራቾች ዘንድ ቀዩ ዜሮ ዲግሪ፣ ማለትም ያልተዘረጋ ቀጥ ያለ መርፌ፣ ቢጫው 15፣ አረንጓዴው 25፣ ነጩ 40 ዲግሪ ሲሆኑ፣ ጥቁሩ ለሳሙና ነው። ለመኪና ገላ ነጩ ወይም አረንጓዴው ከ30 ሳንቲ ሜትር ባላነሰ ርቀት ይበቃል። ቀዩ ኖዝል በቤት ውስጥ ተገቢ ሥራው ጥቂት ነው፤ ከጎማ ጎን ላይ ቢያርፍ ከውጭ የማይታይ ስንጥቅ ይፈጥራል፣ ያ ስንጥቅም በጉዞ መሐል ጎማውን ሊያፈነዳው ይችላል። በመኪና ሞተር ክፍል ውስጥ ዲናሞውን፣ የሽቦ መገናኛዎቹንና የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኑን በግፊት ውሃ መምታት ከጋራዥ ወደ ጋራዥ የሚያመላልስ ብልሽት ይወልዳል።

በኢትዮጵያ ከተሞች ግቢ ውስጥ የተለመደው የኮብልስቶን ንጣፍ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድንጋዮቹ በብዙ ቦታ የተያያዙት በሲሚንቶ ሳይሆን በመካከላቸው በተሞላ አሸዋ ሲሆን፣ እርስ በርስ ተደጋግፈው የሚቆሙት አሸዋው ስላለ ነው። ከክረምት በኋላ አረንጓዴውን ለማስለቀቅ ውሃው ቁልቁል ወደ መገናኛው ከተተኮሰ፣ ጠዋት በጸዳው ግቢ በሳምንታት ውስጥ ድንጋዩ መወዛወዝ ይጀምራል። ውሃው በሰያፍ፣ በሰፊ ኖዝል፣ ከድንጋዩ ገጽ ላይ እየተንሸራተተ እንዲያልፍ ማድረግና ንጣፉ ሲደርቅ አዲስ አሸዋ በመጥረጊያ መሙላት ያስፈልጋል። በጭድና በጭቃ የተለሰነ ግድግዳ በግፊት ውሃ ጨርሶ አይታጠብም።

የሰው ገላ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ቆዳን ለመብሳት 7 ባር ያህል እንደሚበቃ ይነገራል፤ የቤት ማሽን ከዚያ አሥር እጥፍ በላይ ያመነጫል። በጣት ላይ የምትታይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ቁስል ከሥሯ ውሃና ቆሻሻ ወደ ሥጋው ዘልቆ የገባባት ልትሆን ስለምትችል፣ ሕመሙ ባይበረታም በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድና መንሥኤው የግፊት ውሃ መሆኑን ለሐኪሙ መንገር ይገባል። ቁስሉን አስሮ እስከ ነገ ማቆየት ጣትን ሊያሳጣ ይችላል። በነጠላ ጫማ ሆኖ እግር ሥር ማጠብ፣ ልጆችን በውሃው ማጫወት፣ የቤንዚኑን ማሽን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማስነሣት የተከለከሉ ናቸው፤ የመጨረሻው ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ስለሚያከማች ይገድላል።

ከሥራ በኋላ

እንክብካቤው በአብዛኛው የሚፈጸመው ማጠቡ ባለቀበት በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው። ሳሙና ከተጠቀሙ ንጹሕ ውሃ በሳሙናው መሳቢያ በኩል ለአንድ ሁለት ደቂቃ ያልፋል፤ ቀጥሎ ሞተሩ ይጠፋል፣ የውሃው ቧንቧ ይዘጋል፣ በመጨረሻም ምላጩ ተጭኖ በጎማው ውስጥ የታፈነው ግፊት እስኪያልቅ ይለቀቃል። ይህን የመጨረሻ እርምጃ መዝለል ኦሪንጎቹ ሌሊቱን ሙሉ ተወጥረው እንዲያድሩ ያደርጋል፤ የጎማው መገናኛ በማግስቱ በእጅ አልፈታም የሚለውም ለዚሁ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና በደንብ ስለማይሟሟ ጠባቡን መሳቢያ ይደፍናል፤ በረኪና ደግሞ ጎሚኒውን ያደርቃል፣ አሉሚኒየሙንም ይበላል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ፈሳሽ የመኪና ሻምፖ ነው፤ እሱም የሚሳበው በጥቁሩ ኖዝል፣ ግፊቱ ዝቅ ሲል ብቻ መሆኑን የማያውቁ ሰዎች መሳቢያው የተበላሸ ይመስላቸዋል።

ድሬዳዋንና መቀሌን በመሰሉ የከርሰ ምድር ውሃቸው ካልሲየም በሚበዛበት ከተሞች፣ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚታየው ነጭ ቅርፊት በኖዝሉ ውስጥም ይሠራል። ኖዝሉን ነቅሎ በአቼቶ ውስጥ አሳድሮ በቀጭን የመርፌ ሽቦ መጥረግ ይበቃዋል፤ አቼቶውን በፓምፑ ውስጥ ማሳለፍ ግን አይመከርም። ከመደፈን ተቃራኒ የሆነው ብልሽት ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመጣ ስለሆነ አይስተዋልም፤ አሸዋ ያዘለ ውሃ ቀዳዳውን እየበላ ሲያሰፋው፣ የቀዳዳው ስፋት በ10 በመቶ ቢጨምር 120 ባር የነበረው ግፊት ወደ 100 ባር ይወርዳል። ብዙ ሰው ያኔ ፓምፑ ደከመ ብሎ ያዝናል፣ ጉዳዩ ግን አዲስ ኖዝል በመግዛት የሚያልቅ ነው።

ኦሪንጎች በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ በሲሊኮን ቅባት ይታሻሉ፤ የመኪና ግሪዝ አንዳንዱን ጎማ ስለሚያሳብጥ አይተካውም። ዘይት የሚሞላበት ፓምፕ ከሆነ የመጀመሪያው ዘይት ከ50 ሰዓት ሥራ በኋላ ይቀየራል፤ በመመልከቻው መስታወት ዘይቱ ነጣ ብሎ ከታየ ውሃ ገብቶበታል፣ ጎሚኒውም አልቋል ማለት ነው። በብዙ የቤት ማሽኖች ግን ዘይቱ ታሽጎ የሚመጣ በመሆኑ የሚከፈት ነገር የለም።

የብልሽት ምልክቶች በአብዛኛው ከየት እንደመጡ ራሳቸው ይናገራሉ። ምላጩ ተለቅቆ ሳለ ማሽኑ በየጥቂት ሰከንዱ በራሱ እየተነሣ የሚቆም ከሆነ፣ የታፈነው ግፊት በአንድ ቦታ እያመለጠ ነው፤ መጀመሪያ የጎማው መገናኛና የእጅ መያዣው ይታያል፣ እዚያ ጠብታ ከሌለ በመውጫው ቫልቭ ሥር ቆሻሻ ገብቷል። ውሃው እየተቆራረጠ የሚወጣ ከሆነ አየር እየገባ ወይም ውሃ እያነሰ ነውና፣ ማሽኑን ሳያስነሡ ምላጩን ተጭኖ ከቧንቧው የሚመጣውን ውሃ ለአንድ ደቂቃ ማሳለፍና ፊልተሯን ማጠብ ይቀድማል። ሞተሩ እየዞረ ግፊት ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ኖዝሉ ተቀይሮ፣ ፊልተሩ ታይቶ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ፓምፑ ይከፈታል። እስከዚህ ያለው በባለቤቱ እጅ የሚሠራ ነው፤ ጎሚኒና ቫልቭ መቀየር የመካኒክ ሥራ ሲሆን፣ ሲከፈት የቀለበቶቹ ቅደም ተከተል በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ቢቀመጥ መልሶ ለመግጠም ይረዳል።

ሊጠገን የማይችለው ብልሽት የፓምፕ ጭንቅላት መሰንጠቅ ነው። በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶ ወይም በጀርመን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ማሽኑን በበረዶ ወራት ጋራዥ ውስጥ ሲተዉት የሚገጥማቸው ይኸው ነው፤ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በፓምፑ ውስጥ የቀረው ጥቂት ውሃ ብረቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት በደብረ ብርሃንና በአካባቢው ደጋም ጥንቃቄው አይቀርም። መግቢያውም መውጫውም ተነቅሎ ማሽኑ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ከተነሣ በውስጡ የቀረው ውሃ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ቤት ውስጥ ይገባል። የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ጭንቅላት ቢበየድ እንኳ በ100 ባር ሥር አይዘልቅም፤ አዲሱ ጭንቅላት ከነፒስተኑ ሲገዛ ደግሞ ዋጋው ብዙ ጊዜ ወደ ሙሉ ማሽኑ ዋጋ ስለሚጠጋ፣ ባለቤቱ ጎማውን፣ የእጅ መያዣውንና ኖዝሎቹን አስቀርቶ የቀረውን ለቁራሌው መስጠቱ ያዋጣዋል።